የዘበኛው ጆሮ

ያን ቀን ጠዋት ምራቲቱ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ከፍ ያደረገችው ዜና አምሯት አልነበረም፤ ወሬዋን ልትሸፍንበት ነው። ሬዲዮ ወሬ መሸፈኛ ሲሆን ደግሞ ያስታውቃል፤ ዜና የሚሰማ ሰው ዝም ይላል፣ ወሬ የሚሸፍን ሰው ከዜና አንባቢው እኩል ይንሾካሾካል። አሮጊቷ ልብስ ሰፊ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የግራ እግር ካልሲዋን እየጎተተች ነበር። ክፍሏን ከወጥ ቤቱ የሚለያት ስስ ጣውላ ነው። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች፤ አሁንም ዕቃ ቤትነቷን አልተወችም፣ በአንዱ ጥግ የማይሽከረከር ማራገቢያ፣ በሌላው ጥግ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በመካከል እሷ።

“ለሐኪሟ በግልጽ ንገራት፤” አለች ምራቲቱ። “ብቻዋን ታወራለች በል። ሌላ ነገር አታንዛዛ። ጠዋትና ማታ ብቻዋን ታወራለች፣ ባዶ ወንበር ላይ አፍጥጣ።”

“እሺ አልኩ እኮ፤” አለ ባሏ፣ የአሮጊቷ ልጅ።

“እሺ ማለት ከጀመርክ ሦስት ወርህ ነው። የአረጋውያን መጦሪያው ያለ ሐኪም ወረቀት አይቀበልም፤ የተለቀቀችው አልጋ የምትጠብቀን ደግሞ እስከ ዓርብ ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም። እፈራለሁ በቃ። ትናንት ደረጃው ላይ ሆኜ ‘ድልድዩ ተደርምሶ ሁለት ሰው ሞተ’ ስትል ሰምቼ ልቤ ቆሞ ነው የገባሁት። ለካ ዜና ነው!”

“ለምን እንደምትደግመው ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?”

“ልጇ አንተ፣ ጠያቂዋ እኔ?”

ለምራቲቱ፣ አማቷ ፊት ለፊት ሲሆን “እርስዎ”፣ ከጣውላ ጀርባ ሲሆን “እሷ”፤ የዘንድሮ አክብሮት የጣውላ ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

በዚያ ጩኸት ውስጥ አትሰማንም ብለው ነው። ይህችን ሴት ግን አላወቋትም። አርባ ዓመት የልብስ መኪና ረግጣለች፤ ከመኪናው ኳኳታ ሥር የሰው ድምፅ፣ የእግር ኮቴ፣ የሕፃን ለቅሶ ለይታ ስትለቅም የኖረች ናት። ለሌላው ሰው ጫጫታ የሆነው ለእሷ ገለባ ነው፤ እፍ ብላ ፍሬውን ታነሳለች። ሐኪም፣ ወረቀት፣ መጦሪያ፣ ዓርብ። አራቱንም ለቀመች። ካልሲው ተረከዟ ላይ ቀረ። ብድግ ብላ በሩን ከፍታ “ሰምቻለሁ” ማለት ትችል ነበር። አላለችም። በር ከፍቶ መለመን የእሷ ጠባይ አይደለም፤ ለምና የበላችው እንጀራ የለም፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ ላይም አትጀምረውም። ካልሲዋን አስተካክላ ሳበችና ጫማዋን ፈለገች።

በዚያ ቤት ሬዲዮ የማይሰማ አልነበረም፤ አብሮ የሚሰማ ነው የጠፋው። ልጅየው አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል። እሱ ሬዲዮን የሚሰማው በስልኩ ነው፤ ሁለቱን ኢርፎን ሁለቱ ጆሮው ውስጥ ወትፎ ሶፋው ላይ ይጋደምና ከቤቱ ይወጣል። ሰውነቱ እዚያው ነው፤ እሱ ግን የለም። ቢጠሩት አይሰማም፣ እራት ቀረበ ቢሉት አይሰማም፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ባለበት ብድግ ብሎ “ኧረ አቀብለው!” ብሎ ይጮሃል፤ ለካ ኳስ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀልደኞቹ የሚቀርቡበት ሰዓት ሲሆን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ብቻውን ይስቃል። ብቻውን ሲስቅ ሐኪም ቤት የወሰደው ሰው የለም።

ምራቲቱ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ የሳለውም ያስነጠሰውም በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ሲያወራባት ስለሚውል ቤት ስትገባ ሰው ማናገር አትወድም። ቁልፏን ሳታስቀምጥ ሬዲዮውን ታበራለች፤ ለእሷ ሬዲዮ እንደ አምፖል ነው፣ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል የሚበራ። ምን እንዳለ ቢጠይቋት አታውቅም። አንድ ጊዜ ሬዲዮው “ነገ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ይቋረጣል” ሲል አጠገቡ ቆማ ሰሃን እያጠበች ነበር። አሮጊቷ ከጓዳዋ ሆና ሦስት ጊዜ ደገመችው። በማግስቱ ቧንቧው ደርቆ ሲገኝ ምራቲቱ ባሏ ላይ ጮኸች፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆነህ ሳትነግረኝ ብላ። እሱም ማታውን በኢርፎኑ ኳስ ሲሰማ ነበርና ማስታወቂያውን አልሰማም። ሬዲዮ ተናገረ፣ አሮጊት ተናገረች፣ ዕብድ የተናገረውን ማን ይሰማል!

ከታች ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። የእሱ አሰማም ሌላ ነው፤ ከሬዲዮው ጋር ይጣላል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቅቆ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጥና ዜና አንባቢው አንድ ሲል እሱ ሁለት ይላል። “ውሸትህን ነው! አንተ መንገዱን አይተኸዋል? እኔ ነኝ የነዳሁበት!” ሲል ፎቁ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤቱ “ፖለቲካ አዋቂ” ነው የሚለው። ወንድ ብቻውን ሲያወራ ፖለቲካ ነው፣ ሴት ስታወራ በሽታ።

የልብስ ሰፊዋ ሬዲዮ ፊቱ የተሰነጠቀ፣ የባትሪው ክዳን በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ነገር ነው። እሷ አልጋው ላይ ትቀመጣለች፣ ከፊቷ አንድ ወንበር ታቆማለች፣ ሬዲዮውን ጎኗ ላይ ታደርግና ድምፁን ዝቅ ታደርጋለች። ዜና አንባቢው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጨርስ ያንኑ ከአፉ ተቀብላ፣ ከንፈሯን እንደ ቀሚስ ጫፍ ዘርግታ፣ ቃል በቃል ወደ ወንበሩ ትለዋለች። አትቀንስም፣ አትጨምርም። ከዚያ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ሌላ አሰማም አታውቅም፤ በሕይወቷ ሬዲዮ ለራሷ ብቻ ሰምታ አታውቅማ።

ባሏ የክር ፋብሪካ ዘበኛ ነበር፣ የቀን። ከዚያ በፊት ድንጋይ ካባ ላይ ሲሠራ ድማሚቱ ጆሮውን ቀስ በቀስ በላው፤ የቀኙን ጨርሶ፣ የግራውን ለይስሙላ ትቶለት። የማይሰማ ዘበኛ ማለት የማያይ ሹፌር ማለት ነው፤ ማን ይቀጥራል? የሚኖሩባት ክፍል ደግሞ የፋብሪካው ናት፤ ሥራው ከሄደ ጣሪያውም ይሄዳል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተማከሩና ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ። ዘበኛው በሩ ላይ አንድ ቀይ ውሻ አለመደ። የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ የውሻው ጆሮ ይቆማል፤ የውሻው ጆሮ ሲቆም ዘበኛው ይነሳል። ሥራ አስኪያጁ “እንደዚህ ንቁ ዘበኛ አላየሁም፤ ከውሻው እኩል ነው እኮ የሚነሳው” እያለ ያመሰግነው ነበር። ቀዩ ውሻ ሲሞት ልጁን ተካ፣ የልጁን ልጅ ተካ፤ በዚያ በር ላይ ሦስት ትውልድ ውሻ ጡረታ ወጥቷል።

ያስቸገረው ጥሩምባው ሳይሆን ወሬው ነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ “ትናንት በሬዲዮ የተባለውን ሰማህ?” ይላል። አንድ ቀን ዝም ቢል ያዘነ ነው፣ ሁለት ቀን ዝም ቢል የኮራ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ይነቃበታል። እናም በየምሽቱ ዘበኛው ከሚስቱ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ሬዲዮው ጎረቤት እንዳይጠረጥር ዝቅ ይላል፤ እሷ ከሬዲዮው ተቀብላ በከንፈሯ ታቀብለዋለች። በማግስቱ እሱ በሩ ላይ የዓለሙን ወሬ ሲተነትን የሚሰማ ጉድ ይላል። ቅጽል ስም ሳይቀር አወጡለት፤ “ሬዲዮ” ነበር የሚሉት። ደንቆሮውን! እሷ ማታ ማታ ይህን እያስታወሰች ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፣ እሱም ሳቋን አይቶ ይስቃል።

እንግዲህ አሰማም ከአሰማም ይለያያል። ለራሱ የሚሰማ ሰው ግማሹን ቢያመልጠው ግድ የለውም፣ ነገም ሬዲዮ አለ። ለሌላ ሰው የሚሰማ ግን አንዲት ቃል ካመለጠችው ያቺ ቃል ከዓለም ጠፋች ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ የአገሩን ሁሉ ስም፣ የንጉሡን፣ የባሕሩን፣ የበሽታውን ስም ግን በከንፈሯ አልፏልና ታውቀዋለች። ለልጃቸው እንኳ አልተናገሩም፤ የልጅ አፍ መክደኛ የለውም። ልጁም አባቱን ዝምተኛ፣ እናቱን ለፍላፊ አድርጎ አደገ፤ ቤት ውስጥ ሰው አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ዞራ ለአባቱ የምትደግም ሴት ለፍላፊ ካልሆነች ምንድን ናት? ዘበኛው ጡረታ ወጥቶ እንኳ “አሁንስ ይነገር” ስትለው እጇን ይዞ “ስሞትም እንዳትናገሪ፤ ደንቆሮ ዘበኛ ነበር ብለው ይስቁብኛል” አለ። ማለችለት። አምና ሞተ። ከእሱ ጋር የከንፈሯ ሥራ አልሞተም፤ ይኸው ልጇ ቤት ይዛው መጣች።

አሁን የቀረችው በሁለት ነገር መካከል ነው፤ ወይ መሐላዋን ታፈርሳለች፣ ወይ መጦሪያ ትገባለች። መጦሪያውን ታውቀዋለች። አብራት ቁልፍ ትሰፋ የነበረች ጓደኛዋን ልትጠይቅ አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር። ሠላሳ አልጋ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ ከጣሪያው ሥር፣ የሰው እጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ሬዲዮ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጠዋት የምትከፍተው አስታማሚዋ፣ ምሳ ሰዓት የምትዘጋው አስታማሚዋ። ሠላሳ ሴት ሥሩ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። አንዲቷም አትሰማም፤ እሱም ለአንዲቷም አያወራም።

ዳቦና ሻይ ሲቀርብ ልጅየው ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ “እማዬ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደን ዓይንሽን እናሳይልሽ” አለ።

“ዓይኔ ምን ሆነ?”

“ምንም… እንዲያው ለመታየት ያህል።”

“ለመታየት ከሆነስ እንሂድ። ሊታይ የሚገባው መልኬ ካለፈ ቆየ እንጂ።”

ምራቲቱ ሳቀች፤ ቶሎ ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። አሮጊቷ ራሷ ሰፍታ ራሷ የዘመዘመችውን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። በሩ ላይ ምራቲቱ ሹራቧን ይዛ ተከተለቻትና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍላት ጀመር። “ይልበሱት እማማ፣ ይቀዘቅዝዎታል።” እጆቿ አይከፉም፤ ቁልፉ አንገት ላይ ሲደርስ ቆዳ እንዳትቆነጥጥ ተጠነቀቀች። አሮጊቷ ዓይን ዓይኗን እያየች “እስከ ዓርብ አይበርደኝም፣ አይዞሽ” አለቻት። ምራቲቱ የመጨረሻዋን ቁልፍ ሳትቆልፍ ተመልሳ ገባች። ልጅየው አልሰማም፤ አንዱን ኢርፎን አስገብቶ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረጅም መንገድ ነው። እናትና ልጅ ዝም ሲባባሉ የመስኮቱ መስታወት እንኳ ይከብዳል። ጸጥታው ሳይጨንቀው አልቀረም፣ ሁለተኛውን ኢርፎን ከኪሱ አውጥቶ “እንቺ፣ ስሚ፤ ዜና ነው” ብሎ ጆሮዋ ውስጥ አስገባላት። ዜና አንባቢው ጭንቅላቷ መካከል ተቀምጦ አወራ። ደነገጠች። ድምፁ ከውጭ አልመጣም፣ የራሷ ሐሳብ መሰላት፤ ሰው እንደዚህ እየሰማ ነው እንዴ የማያብደው! ጥቂት ታገሰች። ከዚያ ከንፈሯ እንደ ልማዱ ተነሳ፤ ጆሮዋ ተወትፏልና ድምፏ ምን ያህል እንደሆነ አላወቀችም። “በሰሜን በኩል ከባድ ዝናብ ይጠበቃል!” ብላ አወጀች። ከፊት የተቀመጡት ዞሩ። አንዱ “እግዜር ይስጥሽ እናቴ፣ ጃንጥላ አልያዝኩም” ብሎ ቀለደ፣ ሰው ሳቀ። ልጅየው ፊቱ ቀልቶ ኢርፎኑን ቀስ አድርጎ ከጆሮዋ ነቀለ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ጥያቄ። ቀኑን ጠየቀቻት፣ ተመለሰላት። ወሩን ጠየቀቻት፣ ተመለሰላት። “እስቲ እማማ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ።”

“ልጄ፣ እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ባዶ ቁጥር አልወድም፤ ምኑን ነው የምቀንሰው?”

“የፈለጉትን።”

“ጨርቅ ይሁን። መቶ ክንድ ጨርቅ ካለኝና አንዱ ቀሚስ ሰባት ሰባት ክንድ ከፈጀ አሥራ አራት ቀሚስ ይወጣል። ሁለት ክንድ ይተርፋል፤ እሱን ለኪስ አደርገዋለሁ። ባለቤትየዋ ካልጠየቀችኝ ደግሞ ለራሴ።”

ሐኪሟ ሳቀችና ጻፈች። “ትናንት የሰሙት ነገር ትዝ ይልዎታል?” ስትላት አሮጊቷ የምሽቱን ዜና ከሰላምታው ጀምራ እስከ አየር ጠባዩ፣ ዜና አንባቢው የሳለበትን ቦታ ጭምር፣ አወረደችላት። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ቀረች። ያኔ ልጅየው ጉሮሮውን ጠረገ። “ዶክተር፣ ችግሩ ማስታወሱ አይደለም። ብቻዋን ታወራለች። ወንበር ታቆምና… ወንበሩን ታናግረዋለች።” ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ የሐሰት መሰበር አልነበረም።

“ማንን ነው የሚያናግሩት እማማ?” አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጠፈች። እየሳቁበት ታያት፤ የፋብሪካው ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ በሩ ላይ ቆመው። ግን የትኛው የፋብሪካ ሰው? አብዛኛው እሱን ተከትሎ ሄዷል። መሐላው ሥራውን ለማቆየት ነበር፤ ሙት ደግሞ ከሥራ አይባረርም። ከዚያ የሽቦ ሳጥኑ ታያት።

“ባሌን ነው።”

ልጅየው ሐኪሟን አያት፤ “ይኸው አላልኩሽም?” እንደማለት ነው።

“ቆይ፣ አትቸኩል!” አለችው። “መሞቱን አውቃለሁ። የገነዝኩት እኔ ነኝ፣ ያስለቀስኩህም እኔ ነኝ።” ወደ ሐኪሟ ዞረች። “ባሌ አይሰማም ነበር ልጄ። ድንጋይ ካባ ላይ ነው ጆሮው የጠፋው፣ ይሄ ልጅ የሦስት ዓመት ሕፃን እያለ። ዘበኛ ስለሆነ ደበቅነው። አርባ ዓመት ሬዲዮን በእኔ ከንፈር ነው የሰማው። ጆሮዬ ሲሰማ ከንፈሬ ይነሳል፤ መኪና የለመደ እግር ተኝቶም እንደሚረግጠው ነው። ይህ በሽታ ከሆነ ስሙን ንገሪኝና ልወቀው። መጦሪያ የሚያስገባ ከሆነም ሹራቤን ለብሼ ነው የመጣሁት።”

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “አርባ ዓመት ማንም አላወቀም?” አለች፤ ይህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አሮጊቷ ስለ ውሻው ነገረቻት። ሐኪሟ ሳቀች፣ ዓይኗንም ጠረገች፣ ከዚያ ጻፈች፤ ረዘም አድርጋ ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት። “ጤነኛ ነዎት እማማ። ወረቀቱ ለመጦሪያ ከነበረ የተፈለገው፣ ይህ አያስገባም” አለችና ወረቀቱን ለልጅየው ዘረጋች። አልተቀበላትም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰው አንጀት ሥዕል እያየ ደርቆ ቀርቶ ነበር። አሮጊቷ ተቀበለችለት።

ውጭ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ልጅየው አልተነሳም። እሷም ረትታለች፣ ቤቷን አትርፋለች፣ ደስታው ግን ከየት እንደሚመጣ ጠፋት።

“ጨርሶ አይሰማም?” አለ በመጨረሻ።

“ከጀርባው መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ፊት ለፊት ከሆንክ ከከንፈርህ ያነባል።”

“ከጀርባው…” አለና እጆቹን ጉልበቱ መካከል አጣመረ። “ኮሌጅ ልገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ በሩ ላይ፣ በሠራተኛው ፊት፣ ‘የዘበኛ ልጅ መሆኔ ያሳፍረኛል’ ብዬው ነበር። ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ።”

“ፊት ለፊት ነው ያልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ። ልሄድ ዋዜማ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ። ጫማውን እየቦረሸ ነበር፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ፊቱን ለማየት አፈርኩ። ከኋላው ቆሜ ‘አባዬ ይቅር በለኝ’ አልኩት። ዝም አለኝ። ደግሜ አልኩት። ብሩሹን እንኳ አላቆመም። ሃያ ሰባት ዓመት… ዓመት በዓል እየመጣሁ ስንት ጊዜ አብሬው በልቻለሁ፤ ሁልጊዜ ይሄ ሰው ይቅር አላለኝም እያልኩ ነው የምበላው። ስቀብረውም እንደዚያው።”

ስድቡን ፊት ለፊት፣ ይቅርታውን ከጀርባ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። አሮጊቷ ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ሁለተኛው አውቶቡስ ገና አልታየም።

“አንቺ የት ነበርሽ ያኔ?”

“መጋረጃው ጀርባ። እሰፋ ነበር።”

“የልብስ መኪናው ይጮህ ነበር?”

“ይጮህ ነበር።”

ልጅየው መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ እንግዲያው እሷም አልሰማች ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነበር። በዚያ ቢዘጋ ኖሮ ማንም የሚያውቅ የለም። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። “ሰምተሽ ነበር እማዬ?”

መኪናው ነው፣ ጆሮዬን አደንቁሮኝ ነው ማለት ትችል ነበር። ልጇ ሊያምናት ፈልጎ ነው የሚያያት፤ ይህንንም አየች።

“ሰምቻለሁ” አለች። “ሁለቴም።”

“እና?”

“ተናድጄብህ ነበር። ባሌን በሰው ፊት አዋርደኸዋል፤ አንድ ቀን አንተም ተቃጠል አልኩ። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ጠዋት ስንነሳ ሄደሃል። ከዚያ ስነግረው ‘ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ሲለምነኝ አልሰማሁም’ ብሎ ልቡ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዘገየ። የዘገየ ዜና ደግሞ ለመናገር ያስቸግራል። ይጠይቀኝ ነበር። በመጣህና በሄድክ ቁጥር፣ ‘ልጁ ስለዚያ ነገር ያለው አለ?’ ይለኛል። አፌን ትክ ብሎ እያየ።”

“ምን ትይው ነበር?”

“ምንም አላለም እለው ነበር።”

አውቶቡሱ መጣ። ልጅየው ተነሳ፣ ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወጣት፣ መስኮት ዳር ወንበር ፈልጎ አስቀመጣት። አያያዙ ጥንቁቅ ነበር፤ የሰው ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው። “መውረጃሽን ታውቂዋለሽ አይደል?” አላት። አውቀዋለሁ አለችው። “አንተስ?” ስትለው “ያላነበብኳቸው ቆጣሪዎች አሉ” ብሎ ወረደ። አውቶቡሱ ሲነሳ መንገዱን ተሻግሮ ሲሄድ አየችው፣ ከጀርባው። ልትጠራው አፏን ከፈተች። መስታወቱ ዝግ ነው።

ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ላብ ጫፉን አርሶታል። ከጎኗ ሻንጣ የታቀፈች አንዲት የቢሮ ሴት ተቀምጣለች። “ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ” አለቻት። ሴትዮዋ ተቀበለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ተጠንቅቃ አነበበችላት፤ አእምሯቸው ሙሉ ነው፣ የማስታወስ ችሎታቸው ከዕድሜያቸው በላይ ነው፣ ምንም ዓይነት ሕመም አልተገኘባቸውም፣ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን ሁሉ አውቀው ነው የሚያደርጉት።

“እንኳን ደስ ያለዎት እማማ!” አለች ሴትዮዋ ወረቀቱን እየመለሰች። “በዚህ ዕድሜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።”

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አራት አጥፋ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

“ሁሉንም አውቀው ነው ይላል?” አለች።

“ሁሉንም፤ ይኸው ማኅተም አለው።”

“እውነቷን ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መስኮቱን እያየች።